ጥርስ ሐኪም ለሚፈራ ልጅ የቱ ይሻላል፦ ማለማመድ፣ ሕክምናውን ማቅለል ወይስ ማስተኛት?

ልጅ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ "አልገባም" ሲል ወላጅ ቶሎ የሚመጣለት ጥያቄ "እንዴት ላባብለው?" የሚል ነው። ከእሱ መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ሊሠራለት የታሰበው ነገር በእርግጥ መርፌና መሰርሰሪያ ይፈልጋል ወይ? ቀድሞ ያለ መርፌ አይነካም ይባል የነበረ የተቦረቦረ የወተት ጥርስ ዛሬ ብዙ ጊዜ ሳይወጉና ሳይሰረስሩ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ በወላጅ ፊት ሦስት መንገድ አለ፦ ልጁን ማለማመድ፣ ሕክምናውን ለልጁ አቅም ማቅለል፣ ወይም በመድኃኒት ማረጋጋትና ማስተኛት። ሦስቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ልጅ የሚጎዳው ቅደም ተከተላቸው ሲዛባ ነው፤ በተለይም መካከለኛው ተዘሎ ከማባበል በቀጥታ ወደ መያዝና ማስገደድ ሲኬድ።

ጊዜ አለ ወይስ የለም?

ጉንጩ አብጦ ዓይኑ የጠበበ፣ እብጠቱ ከአገጩ ሥር የወረደ፣ ትኩሳት ያለው፣ መዋጥ ወይም አፉን መክፈት ያቃተው ልጅ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። እዚህ ላይ ስለ ማለማመድ ማሰብ አይቻልም። ከፋርማሲ የተገዛ አንቲባዮቲክም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የመግሉ ምንጭ ጥርሱ ውስጥ ስላለ ጥርሱ እስኪታከም ወይም እስኪነቀል ድረስ እብጠቱ ተመልሶ ይመጣል።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ያለ ምክንያት የሚነሳ ሕመም ነርቩ መነካቱን ስለሚጠቁም በጥቂት ቀናት ውስጥ መታየት አለበት። በእነዚያ ቀናት አስፕሪን ፈጭቶ ጥርሱ ላይ ማድረግ ድድ ያቃጥላል፤ አስፕሪን ከነጭራሹ ለልጅ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ብቻ የሚያመው፣ ወይም ጭራሽ የማያመው ቀዳዳ ግን ለማለማመድ የሳምንታት ጊዜ ይሰጣል። ይህን ጊዜ መጠቀም እንጂ ማባከን አይገባም። "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል" የሚለው አነጋገር ብዙ ልጆችን ጎድቷል። የፊቶቹ በ6 እና በ7 ዓመት ይወልቃሉ፤ የኋላዎቹ የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። የ4 ዓመት ልጅ መንጋጋው ላይ ቀዳዳ ካለው ከ6 ዓመት በላይ ሊበላበት የሚገባ ጥርስ ነው።

ፍርሃቱ ከየት የመጣ ነው?

ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚያለቅሰው ሐኪሙን ፈርቶ ላይሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ አፉን እንግዳ ሲነካው ማልቀስ ጤናማ ነው። እንዲያውም ሲያለቅስ አፉ ስለሚከፈት ምርመራው ቶሎ ያልቃል። እዚህ የሚመረጠው አቀማመጥ ጉልበት ለጉልበት ነው፦ ወላጅና ሐኪም ጉልበታቸውን አግጥመው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ልጁ እናቱን እያየ እግሮቹ በወገቧ ግራና ቀኝ ይሆናሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተንጋሎ ራሱ ሐኪሙ ጭን ላይ ያርፋል። እናትየው እጆቹን ትይዛለች። ከ1 እና ከ2 ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ትልቁ ወንበር ጭራሽ አያስፈልግም።

ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለው የሚፈራው የማያውቀውን ነገርና ከእናቱ መለየትን ነው። ከ6 እስከ 12 ያለው ደግሞ ሕመምን፣ ከዚያም በላይ "በቃ" ማለት አለመቻልን ይፈራል። ጎረምሶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ነገር ኀፍረት ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ የሚሆነው በውኃው ምክንያት ነው፤ "አትቦርሽም እንዴ?" ተብሎ አንድ ጊዜ የተገሠጸ ልጅ ግን ሁለተኛ አፉን ለመክፈት አይፈልግም። እንዲህ ላለው ልጅ ተግሣጽ የማይሰማበት ክሊኒክ ማግኘት ከማንኛውም ዘዴ ይበልጣል።

አንድ ጊዜ ክፉኛ ያመመው ልጅ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። የእሱ ፍርሃት ከትዝታ የመጣ ስለሆነ በቪዲዮ ወይም በጨዋታ ብቻ አይለቅም፤ ሳያመው ያለፈ ቀጠሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ቤት ውስጥ ማለማመድ፦ ጨዋታ፣ ቪዲዮ ወይስ የታላቅ ወንድም ቀጠሮ?

ከሁሉም የሚሻለው ምንም ሥራ የማይሠራበት የመተዋወቂያ ቀጠሮ ነው፦ ወንበሩን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ጥርስ መቁጠር፣ በትንሿ መስታወት ማየት፣ ቢበዛ ፍሎራይድ መቀባት፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ መውጣት። ልጁ ምንም ሳያመው፣ በ1 ዓመቱ ወይም የመጀመሪያ ጥርሱ በበቀለ በ6 ወር ውስጥ ቢወሰድ ይህ ቀጠሮ በራሱ ይገኛል። የመጀመሪያው ጉብኝት ጥርስ የሚነቀልበት ቀን ከሆነ ግን ልጁ ክሊኒክን የሚያውቀው በዚያ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ጨዋታ ነው። ከቀጠሮው 4 እና 5 ቀን ቀደም ብሎ በየማታው 2 ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ጭንዎ ላይ ተንጋሎ አፉን ይክፈት፤ በሻይ ማንኪያ ጀርባ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እየነኩ ይቁጠሩ። ሁሉም የወተት ጥርስ ከወጣ 20 ይሆናሉ። ከዚያ ተራው የእሱ ይሁን፣ የእርስዎን ይቁጠር። በባትሪ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ ካለ ንዝረቱን ጥፍሩ ላይ፣ ቀጥሎ ከንፈሩ ላይ ያስለምዱት፤ የክሊኒኩ የማጽጃ መሣሪያ ስሜት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ቪዲዮ ከነዚህ በታች ነው፤ ወላጅ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ካላየው ሊጎዳም ይችላል። መርፌ ወይም ደም የሚያሳይ ካለበት ይተዉት። የታላቅ ወንድም ወይም እህት ቀጠሮ የሚጠቅመው ታላቁ የሚረጋጋና የሚሠራለትም ማጽዳት ብቻ ከሆነ ነው። ታላቁ ጥርስ ሲነቀል ታናሹን ማስገባት ግን ፍርሃት ማስተማር ነው።

ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ቀጠሮውን በዋዜማው ወይም በዚያው ጠዋት መንገር ይበቃል። ከሳምንት በፊት ከተነገረው ሳምንቱን ሙሉ ሲፈራ ይከርማል። ከ6 ዓመት በላይ ላለው ከ2 ወይም ከ3 ቀን በፊት ይነገረው፤ ጥያቄ ሊጠይቅ ይፈልጋልና።

ስለ ቃላት ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ በእኛ ቤቶች ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ የሚዘራው በቃል ነው። "ካስቸገርክ ዶክተሩ ይወጋሃል" የተባለ ልጅ ሐኪም ማለት ቅጣት መሆኑን ተምሯል። "ምንም አያምህም" የሚለው ደግሞ በፍቅር የሚነገር ውሸት ነው፤ ትንሽ እንኳ ካመመው ልጁ ሐኪሙንም እናቱንም አያምንም። "ጎበዝ ልጅ አያለቅስም" ማለትም ፍርሃቱ ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል። በምትኩ እንዲህ ይባል፦ "ጥርስህን ይቆጥሩልሃል፣ ያጥቡልሃል፤ አዲስ ነገር ሲኖር ቀድመው ያሳዩሃል።" መርፌ መኖሩን ራሱ ካልጠየቀ ቀድመው አያንሱት። ከጠየቀ ግን አይዋሹት፦ "ጥርስህን የሚያስተኛ መድኃኒት ነው፣ ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ እስከ 10 ስንቆጥር ያልፋል።" ማልቀስም እንደሚፈቀድ ይንገሩት፤ መንቀሳቀስ ብቻ ነው የማይቻለው።

ስጦታን በተመለከተ፣ ከሐኪም ቤት በፊት ትልቅ ነገር ቃል መግባት ልጁን "የሚጠብቀኝ ነገር ከባድ ነው ማለት ነው" ያሰኘዋል። ከወጣ በኋላ፣ ያደረገውን ነገር ለይቶ ማመስገን ይሻላል፦ "አፍህን ከፍተህ እስክንቆጥር ድረስ ቆየህ።"

ወንበሩ ላይ

ከልጅ ጋር የሚሠራ ሐኪም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ዘዴ "ንገር፣ አሳይ፣ አድርግ" ይባላል። ከ1959 ጀምሮ በጽሑፍ የሚታወቅ ነው። ሐኪሙ በልጅ ቋንቋ ይነግራል፣ መሣሪያውን በልጁ ጥፍር ላይ ያሳያል፣ ወዲያው ያንኑ ያደርጋል። የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፦ በማሳየትና በማድረግ መካከል ረጅም ጊዜ ካለፈ፣ ወይም ከታየው ውጭ ሌላ ነገር ከተደረገ።

ከ5 ዓመት በላይ ላሉት የማቆሚያ ምልክት ይጨመራል፤ ልጁ ግራ እጁን ሲያነሣ ሐኪሙ ያቆማል። ዋጋ የሚኖረው ሐኪሙ በእርግጥ ካቆመ ነው። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር አንድ ጊዜ ይሞከር፣ ልጁ እጁን ሲያነሣ መሣሪያው ሲቆም በዓይኑ ይይ። አንድ ጊዜ ችላ ከተባለ ዘዴው አለቀለት።

ወላጅ ይግባ ወይስ ውጭ ይቆይ? ከ4 እና ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ መግባቱ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ልጁን ይጠይቁት። የሚገባው ግን አንድ ሰው ነው፣ የሚቀመጠውም በልጁ እግር በኩል ነው፤ እግሩን ይዞ ዝም ይላል። እናት "አይዞህ"፣ አባት "አፍህን ክፈት"፣ ረዳቷ "ዝም በል" ሲሉ ልጁ ማንን ይስማ? እርስዎ ራስዎ ጥርስ ሐኪም የሚፈሩ ከሆነ አክስት ወይም አጎት ይዞት ይሂድ። ልጅ ከቃልዎ ይልቅ የእጅዎን ላብ ይሰማል።

አስገድዶ መያዝ የመጨረሻው ነው። ለአንድ አፍታ፣ በድንገተኛ ጉዳይ፣ ወላጅ ተረድቶ ሲፈቅድ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚያለቅስ ልጅን አፍ በእጅ ማፈን ድሮ በአሜሪካ እንኳ እንደ ዘዴ ይሠራበት ነበር፤ የአገሪቱ የልጆች ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚ በ2006 ከመመሪያው አውጥቶታል። ይህን የሚያደርግ ክሊኒክ ካጋጠመዎት ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

ሕክምናውን ማቅለል

ለመካከለኛ ፍርሃት የእኛ ምርጫ ከዚህ ይጀምራል። የሚከተሉት ሦስቱ የሚሠሩት ነርቩ ላልሞተና መግል ላልያዘ ጥርስ መሆኑን ግን ያስታውሱ። በራሱ የሚያመው ወይም ድዱ ላይ የመግል ብጉር ያወጣ ጥርስ በነዚህ አይታከምም፤ ከተሸፈነ ኢንፌክሽኑን ሸፍኖ ማሳደግ ይሆናል።

ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለው 38% ፈሳሽ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከንፈሩ ቫዝሊን ይቀባል፣ ጥርሱ በጥጥ ይደርቃል፣ ጠብታ የነካች ትንሽ ብሩሽ ቀዳዳውን 1 ደቂቃ ያህል ታሻለች፤ አለቀ። በውስጡ ያለው ብር (ሲልቨር) ጀርሞቹን ይገድላል፣ ፍሎራይዱ የለሰለሰውን ጥርስ ያጠነክራል፣ ቡርቦራው ብዙ ጊዜ ይቆማል። ከ6 ወር በኋላ መደገም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ጉድለቱ ቀለሙ ነው፦ የተበላሸው የጥርስ ክፍል ለዘለቄታው ይጠቁራል። ቆዳ ከነካ እንደ እንሶስላ ለቀናት የሚቆይ ቀለም ይተዋል፣ ይሄኛው ግን ራሱ ይለቃል። ቀዳዳውን ስለማይሞላ ምግብ መያዙም አይቀርም። ለኋላ ጥርስና ለትንሽ ልጅ ተስማሚ ነው። ለፊት ጥርስ ወላጅ ጥቁረቱን አስቀድሞ በፎቶ ማየትና መወሰን አለበት። ለብር አለርጂ ያለበት ልጅ አይቀባም።

ሁለተኛው የሆል ዘዴ ነው፤ ስሙን ያገኘው በስኮትላንድ ከጀመሩት የጥርስ ሐኪም ከኖርና ሆል ነው። የተቦረቦረው የወተት መንጋጋ ሳይሰረሰር፣ ሳይደነዘዝ፣ በልኩ የተመረጠ የብረት ሽፋን በሲሚንቶ ይደፋበታል፤ ልጁ ጥጥ ነክሶ ለጥቂት ደቂቃ ይጫነዋል። ጀርሞቹ ከምግብ ተለይተው ስለሚታሸጉ ቡርቦራው ይቆማል። ጥርሶቹ የተጣበቁ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ቀን ቀድሞ በመካከላቸው ትንሽ የላስቲክ ቀለበት ይገባል፤ ስለዚህ ሁለት ቀጠሮ ይፈልጋል። ሲጫን ድድ ላይ የመጥበቅ ስሜት አለው፣ ንክሻውም ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ከፍ ያለ ሆኖ ይሰማል፤ ሁለቱም ራሳቸው ይስተካከላሉ። ሽፋኑ የብር ቀለም አለው፤ ከወተት ጥርሱ ጋር አብሮ ይወልቃል። በሁለት ጥርስ መካከል ላለ ቀዳዳ ከሦስቱ የሚመረጠው ይህ ነው።

ሦስተኛው በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው፣ መብራትም ሞተርም የማይፈልገው የእጅ ሙሊት ነው። የለሰለሰው ክፍል በማንኪያ መሰል የእጅ መሣሪያ ይጠረጋል፣ ግላስ አዮኖመር የሚባል ማጣበቂያ በጣት ተጭኖ ይሞላል፤ ከዚያ 1 ሰዓት አይበላም። ድምፅና ንዝረት ለሚፈራ ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው፣ የጥርስ ክፍሉ በቂ መሣሪያ በሌለበት ቦታም ይሠራል። የጥርሱ አናት ላይ ላለ ቀዳዳ ጥሩ ይቆያል፤ በሁለት ጥርስ መካከል ላለው ግን ቶሎ ይሰበራል።

ከነዚህ ጋር የተለመደውን ነጭ ሙሊት ያወዳድሩ። መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ለመጣበቅ ፍጹም ደረቅ ጥርስ ይፈልጋል። የሚያለቅስ ልጅ አፍ በምራቅ የተሞላ ስለሆነ በትግል የተሞላው ሙሊት በወራት ውስጥ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ልጁ ፍርሃቱም ቀዳዳውም አብረውት አሉ። ለነጩ ቀለም ሲባል የሚፈራን ልጅ እዚህ ውስጥ ማስገባት ተገቢ አይመስለንም።

መርፌ ግድ ሲሆን

ነቀላና የጥርስ ነርቭ ሕክምና ያለ መርፌ አይሠሩም። ልዩነቱ ያለው በአወጋጉ ነው። ድዱ በጥጥ ይደርቅ፣ የማደንዘዣ ጄል ይቀባና 1 ወይም 2 ደቂቃ ይጠበቅ። ብዙዎች ይህን መጠበቅ ስለሚዘሉ ጄሉ ሳይሠራ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ይግባ፤ የሚያምመው ከመርፌው ጫፍ ይልቅ ፈሳሹ በግፊት ሕብረ ሕዋሱን ሲወጥረው ነው። ቤንዞኬይን ያለበት ጄል ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቀባም።

ልጁ ከተወጋ በኋላም "ያመኛል" ካለ ይመኑት። መግል ያለበት ቦታ አሲድነቱ ስለሚጨምር ማደንዘዣው በደንብ አይሠራም።

የልጁን ክብደት የማይጠይቅ ሐኪም ካጋጠመዎት እርስዎ ይንገሩት። 2% ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ለልጅ በኪሎ ከ4.4 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ጣሪያው 66 ሚሊ ግራም ነው፤ 1.8 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንዱ ካርትሪጅ (የማደንዘዣው ትንሽ ብልቃጥ) 36 ሚሊ ግራም ስላለው ሁለት ሙሉ ካርትሪጅ እንኳ አይፈቀድለትም። "አንድ ጊዜ ስለመጣን በአራቱም በኩል ይሠራ" ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ከንፈሩ ለ2 እና ለ3 ሰዓት ደንዝዞ ይቆያል፤ እስኪነቃ አይመገብ፣ ዓይንዎንም ከእሱ ላይ አያንሱ። ሳያውቅ የነከሰው ከንፈር በማግሥቱ አብጦ ነጭ ቁስል ይሠራል። ይህ ኢንፌክሽን መስሎ አንቲባዮቲክ ይገዛለታል፤ በራሱ የሚድን የንክሻ ቁስል ነው።

ማረጋጊያና ሙሉ ሰመመን

የሳቅ ጋዝ (ናይትረስ ኦክሳይድ) በሚገኝበት አገር ከመድኃኒቶቹ መጀመሪያ የሚመረጠው ነው። በአፍንጫ ጭንብል ከኦክስጅን ጋር ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50% ይበቃል፤ በደቂቃዎች ይጀምራል፣ ሲያልቅ ለ5 ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን ተሰጥቶት ልጁ በእግሩ ይወጣል። መርፌን አይተካም፣ ፍርሃትን ያለዝባል እንጂ። የሚጮህ ልጅ በአፉ ስለሚተነፍስ ለእሱ አይሠራም፤ ጉንፋን የያዘው ልጅም ቀጠሮው ይሸጋገርለት። ከባድ ምግብ በልቶ መምጣት ያስመልሳል።

ሚዳዞላም የተባለው የሚጠጣ ማረጋጊያ ጠለቅ ያለ ነው፤ አደጋውም እንዲሁ። አንዳንዱ ልጅ በመረጋጋት ፈንታ ይብሱን ይረበሻል። መድኃኒቱን ከተፋ ምን ያህል እንደዋጠ ስለማይታወቅ መድገም አደገኛ ነው። በፍጹም ቤት ውስጥ አይሰጥም። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከሚሠራው ሐኪም ሌላ ልጁን ብቻ የሚከታተል የሠለጠነ ሰው አለ? የኦክስጅን መለኪያና ኦክስጅን አለ? ትንፋሹ ቢቆም በጭንብልና በእጅ ፓምፕ መተንፈስ የሚያስችል ማን ነው? አንዱ መልስ ካጣ አይቀበሉ። ሲመለሱ አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው ከልጁ ጎን ይቀመጥ፤ አንገቱ ወደ ደረቱ ከታጠፈ የአየር መንገዱ ይዘጋል።

ሙሉ ሰመመን ብዙ ጥርሱ ለተበላሸ ትንሽ ልጅ፣ ለከባድ የአእምሮ ወይም የአካል ጉዳት፣ ሌላው ሁሉ ላልሠራለት ነው። ሁሉም ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል። የጾሙ ሰዓት የማያወላዳ ነው፦ ውኃ 2 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ የላም ወተትና ቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ቅባት ያለበት እንደ ፍርፍር ያለ ምግብ 8 ሰዓት። "ስለራበው ትንሽ ዳቦ ሰጠሁት" ብለው ከደበቁ፣ ተኝቶ ሲያስመልሰው ወደ ሳምባው ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 ከ3 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ከ3 ሰዓት በላይ የሚወስድ ወይም የሚደጋገም ሰመመን በአንጎል እድገት ላይ ሊያሳድር ስለሚችለው ተጽዕኖ አስጠንቅቋል፤ አንድ አጭር ጊዜ ግን የሚያሰጋ ሆኖ አልተገኘም። ደግሞ ሰመመን ፍርሃትን አያክምም። ልጁ በንጹሕ ጥርስና በቀድሞ ፍርሃቱ ነው የሚነቃው፤ ስለዚህ ከወር በኋላ የመቁጠሪያ ቀጠሮ ይያዝለት።

ለኦቲስቲክ ልጆች ሰመመን ቶሎ ይመከራል፤ ብዙዎቹ ግን ያለ እሱ ይቻላቸዋል። ሁልጊዜ ያው ክፍል፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሰው ይሁን። የክሊኒኩን በር፣ ወንበርና መብራት ፎቶ አንሥተው በቅደም ተከተል ያሳዩት። ለመብራቱ የፀሐይ መነጽር፣ ለድምፁ የጆሮ መሸፈኛ ይዘው ይሂዱ።

ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት

የልጆች ጥርስ ስፔሻሊስት በሁሉም ከተማ አይገኝም፤ ልጅ የለመደ ጠቅላላ ጥርስ ሐኪም ይበቃል። በአሜሪካ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያለው ልጅ እስከ 21 ዓመቱ የጥርስ ሕክምና ይሸፈንለታል፣ አስተርጓሚም በነጻ መጠየቅ ይቻላል። በእስራኤል የልጆች ጥርስ ሕክምና ከ2010 ጀምሮ በጤና ቅርጫቱ (መንግሥት በሚሸፍናቸው የሕክምና አገልግሎቶች ዝርዝር) ውስጥ ገብቶ ዛሬ እስከ 18 ዓመት ደርሷል። የትም ቢሆን ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ "ሊነቀል ነው" የሚለውን ለእናቱ የሚተረጉም የፈራ ልጅ መሆን የለበትም።

ስልክ ደውለው ይጠይቁ፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ ያለ ሥራ ሊሆን ይችላል? ጥርስ የሚያጠቁረውን ፍሎራይድ ወይም የብረት ሽፋን ያለ መርፌ ትሠራላችሁ? ወላጅ ይገባል? የጠዋት ሰዓት ይያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ልጁ ደክሟል፣ ተርቧል፣ ሐኪሙም እንዲሁ። ቀጠሮው ሳይሳካ ቢቀር "ሲያድግ እንመለሳለን" ብለው አይተዉት። በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ይመለሱ፤ በዚያ ቀን ጥርሶቹ 20 ይቆጠሩለት፣ ወደ ቤቱም ይሂድ።